በአንድ መስመር የተሰለፉ ቋጠሮዎች

የሰፈሩ ልጆች «እማሆይ ለምን» ይሏቸው ነበር። ስሙ የወጣላቸው ገዳሙ በር ላይ ነው። ጉልበቱ የተላጠ ልጅ እያለቀሰ ሲመጣ እማሆይ ቁስሉን በውኃ እያጠቡ «ለምን ወደቅህ?» ይሉታል። «ስሮጥ።» «ለምን ሮጥህ?» «አባሮኝ።» «ለምን አባረረህ?» ልጁ ለቅሶውን ትቶ ማሰብ ይጀምራል። ጨርቁ ታስሮለት ሲነሣ የጥፋቱን ግማሽ አምኖ ጨርሷል። «እማሆይ ዘንድ ቁስል ይዞ የገባ ኑዛዜ ሰጥቶ ይወጣል» እያሉ እናቶች ይስቁ ነበር።

እማሆይ ግን አብረው አይስቁም። አይቆጡምም። ሰው ወሬ ይወዳሉ ቢላቸውም ተሳስቷል፤ ወሬ የሚወድ ሰው መልሱን ሲሰማ ፊቱ ይበራል፣ የእሳቸው ፊት እንደነበረ ነው። እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲራመድ አይታችሁ እንደሆነ፣ መሬቱ ስለማይሰማው የሚረግጥበትን በዓይኑ እያየ ነው የሚሄደው። የእማሆይ ጥያቄም እንደዚያ ነበር። ሌላው ሰው በልቡ የሚያውቀውን እሳቸው እየጠየቁ፣ አንድ በአንድ እየረገጡ ነበር የሚደርሱበት።

ታሪኩ የሆነው የፋብሪካ ጨርቅ በጋሪ ተጭኖ ወደዚያች ከተማ መግባት በጀመረበት ዘመን ነው። ያኔ ዳኛ በየከተማው አልነበረም። አንድ ዳኛ በበቅሎ እየዞረ ይፈርዳል፤ እሱ እስኪደርስ ተከሳሹ በከተማው ሹም ግቢ ታስሮ ይቆያል። ዳኛው ሲመጣ ነገር አያጓትትም። ሰምቶ፣ ፈርዶ፣ የሚሰቀል ካለም አሰቅሎ ወደሚቀጥለው ከተማ ያልፋል።

እማሆይ የሸማኔ ልጅ ናቸው። እዚህ ላይ ስለ ሽመና ጥቂት መናገር ግድ ነው፤ ግድ ባይሆንም ደስ የሚል ነገር ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሥራው እጅና እግር እያቀያየሩ ማወዛወዝ ይመስላል። ቀርቦ ለሚያይ ግን ዓለም ነው። በመጀመሪያ ረጃጅም ክሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎን ለጎን ይወጠራሉ፤ ይህ ድር ነው። ከዚያ ሌላ ክር በመወርወሪያ ታዝሎ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በድሩ መሐል ያልፋል፤ ይህ ማግ ነው። ማግ ቢበጠስ ችግር የለም፣ ሌላ ይተካል። ድር ከተበጠሰ ግን ወዲያው ቆም ብሎ መቋጠር ያስፈልጋል። ሳይቋጥሩ ከቀጠሉ ያቺ አንድ ክር የጎደለችበት ቦታ በጨርቁ ላይ እስከ መጨረሻው ክፍተት ሆና ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያድናትም። ቋጠሮውም ዝም ብሎ ቋጠሮ አይደለም። ክሮቹ የሚያልፉበት ጥርሱ የተጠጋጋ ማበጠሪያ አለ፤ ቋጠሮው በጥርሶቹ መሐል ሾልኮ እንዲያልፍ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ፣ ግን ቢጎትቱት የማይፈታ መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን ቋጠሮ ጣት እንዲለምደው ዓመታት ይፈልጋል።

አባታቸው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። በእሳቸው ቤት የተበጠሰ ክር አይቶ ማለፍ የለም። ምግብ ቀርቦ ቢሆን፣ እንግዳ ተቀምጦ ቢሆን፣ የቤቱ ልጅ ክሩን ካየ መጀመሪያ ይቋጥራል። ሦስቱን ልጆቻቸውን ዓይናቸውን አስጨፍነው አለማምደዋቸዋል። አንድ ጊዜ ወንዱ ልጅ ወደ ጨዋታ ሲሮጥ የተበጠሰ ክር አይቶ አለፈ። አባት አልመቱትም። መልሰው የሽመና ዕቃው አጠገብ አስቀምጠው፣ ክሩን ሳይቋጥሩ መሸመን ቀጠሉ፤ ልጁ ክፍተቱ ሲረዝም፣ ሲረዝም እያየ ማታ ድረስ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ጣቶቻቸው ከጭንቅላታቸው ቀድመው የሚያስቡ ሆኑ። እማሆይ ራሳቸው ሙሽራ ሆነው ከቤት ሲወጡ በዕቃው በኩል ሲያልፉ አንድ የተበጠሰ አይተው፣ ሚዜዎቹ በር ላይ ቆመው፣ ቋጥረው ነው የሄዱት። «ሙሽራዋ ሐሳቧን ቀየረች መሰለኝ» ብሎ ባልየው ላብ በላብ ሆኖ ነበር ይባላል።

ባልየው ደግ ሰው ነበር። ሴት ልጅም ወለዱ። ከዚያ ወረርሽኝ ገባና ባልና ልጅ በአንድ ሰሞን ሄዱ። እማሆይ እንባው ይመጣል ብለው ጠበቁ። አልመጣም። ሰው «ጠንካራ ናት» አለ፤ ቆይቶ ደግሞ «ድንጋይ ናት» አለ። እሳቸው ሁለቱንም እንዳልሆኑ ያውቁ ነበር። ውስጣቸው ተኝተውበት እንደደነዘዘ ክንድ ሆኖ ነበር። ይነቃል፣ ይነዝረኛል፣ ያመኛል ብለው ቢጠብቁም አልነቃም። ገዳም የገቡት እዚያ ለምን አታለቅሺም የሚል ሰው ስለሌለ ነው። በገዳሙ የተቀደደ ሁሉ የእሳቸው ነበር፤ ልብስ ይሰፋሉ፣ ቁስል ያጥባሉ።

አባት ሲሞቱ ዕቃው ለወንድምየው ተላለፈ። ወንድምየው ከሩቅ አገር የሸክላ ሠሪ ልጅ አገባ። ብዙ ዓመት አብራቸው ብትኖርም ሰፈሩ «እንግዳ» ከማለት አልወጣም። ታናሽ እህታቸው፣ በልጅነቷ ሚጣ ተብላ ሚጣ እንደተባለች የቀረችው፣ ሳታገባ እዚያው ቤት ቀረች። ክር ትፈትላለች፣ ድር ትዘረጋለች፣ ወንድሟ ወገቤን ሲል ቁጭ ብላ ትሸምናለች። ገበያ ላይ የሚመሰገነው ግን የወንድምየው እጅ ነበር።

ወሬው ገዳም የደረሰው እማሆይ ማድቤት ሽንኩርት ሲከትፉ ነው። ጎረቤት ሴትዮ እየሮጠች ገባች። «እማሆይ፣ ወንድምዎን… በዕቃው ላይ… በጨርቅ መጠቅለያው እንጨት ጭንቅላቱን ብላው! ያቺ ሚስቱ! እጇ ደም በደም ሆኖ ይዘናታል!» አለችና የእማሆይን ዓይን አይታ አብራ ማልቀስ ጀመረች። የእማሆይ ዓይን ያለቀሰው በሽንኩርቱ ነበር። የቀረውን ከትፈው፣ እጃቸውን ታጥበው ሄዱ።

በቀብሩ ላይ ከሚጣ ጎን ቆሙ። ሁለቱም አላለቀሱም። «ያው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ጥቂት ቆይቶ እመ ምኔቷ አስጠሯቸው። «የወንድምሽ ሚስት ጠርታሻለች። መሄዱ የሚከብድሽ ከሆነ ሌላ ሰው እልካለሁ።»

«አይከብደኝም» አሉ እማሆይ። እውነታቸውን ነበር፤ ምንም አይከብዳቸውም ነበር።

እንግዳ የታሰረችው በሹሙ ግቢ፣ ድሮ እህል ይከማችበት በነበረ ክፍል ነው። መስኮቱ ከፍ ያለ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ። ጥግ ላይ ተቀምጣ ከጫማዋ የፋቀችውን ጭቃ በምራቋ እያራሰች በጣቶቿ ትንሽዬ ሳህን ትሠራለች። እማሆይ ሲገቡ አላቋረጠችም።

«አልቅሰው ሊያዩኝ ነው ወይስ ሊጸልዩልኝ?» አለች።

«አስጠርተሽኛል ተብዬ ነው።»

«አዎ። እንዲጠይቁኝ ነው። ሰው ሁሉ እየመጣ ሰደበኝ፣ አንድ ሰው ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ልጆቹ በስምዎ ሲቀልዱ አብሬ ስቄ አውቃለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ይጠይቁኝ።»

እማሆይ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ለምን ተጣላችሁ?»

«ስለ ሚጣ።»

«ለምን ስለ ሚጣ?»

«ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ነበራ! ዕቃውን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ ልንሄድ። ሚጣን ደግሞ አክስታችሁ ዘንድ፣ ቤት ጠራጊ ሊያደርጋት። ‘ንገራት’ አልኩት። ‘ነገ’ ይለኛል። በነጋታውም ‘ነገ’። ‘እሷ እኮ ከአንተ የበለጠ ትሠራለች፣ እንደ ዕቃ ጥለሃት ልትሄድ ነው?’ ብዬ ጮህኩበት። ጎረቤት የሰማው ጩኸቱን ነው። ስለ ምን እንደሆነ ማን ጠየቀ?»

«ለምን እጅሽ ደም ሆነ?»

«አነሣሁታ! ባሌ ወድቆ ሳገኘው ቆሜ ልየው?»

«ሰው እንደሚለው መቀስሽ ለምን እሱ ሥር ተገኘ?»

«እሱን አላውቅም። ጠዋት ሣጥኔ ላይ ነበር። ከገበያ ስመለስ እሱ ሥር አየሁት። ሹሙ ‘መጀመሪያ በመቀስ ልትወጊው ነበር’ ይለኛል። እኔ በመቀስ ሰው የምወጋ እመስላለሁ?» ሳህኗን አዙራ አየቻትና ጠርዟን በአውራ ጣቷ አስተካከለች። «ዳኛው ወንዙን ተሻግሯል አሉ። እዚህ አገር የእኔ የሚባል ሰው የለም፣ እማሆይ። ሲፈርድ አንድ ሰው ‘ቆይ’ ባይል ያው ነው፣ ያልቃል።»

እማሆይ በዚህ ሰዓት ማዘን እንደሚገባቸው ያውቁ ነበር። ውስጣቸውን ፈለጉ፤ እዚያው የደነዘዘው ክንድ። «እጠይቃለሁ» ብለው ተነሡ።

ሹሙ ወጣት ነበር፣ ያን ሰሞን ደግሞ ጉንፋን ጥሎታል። ዳኛው ራሱ ይየው ብሎ የሽመናውን ክፍል ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሯል።

«ልግባና ልየው» አሉት። ቤቱ ድረስ አብሯቸው ሄዶ ከፈተ።

«ይግቡ፣ እኔ እዚሁ እቆማለሁ። ያቺ እህትዎ ደግሞ በየቀኑ እየመጣች ቁልፉን ስጠኝ ትለኛለች። ጨርቁ ይበላሻል ነው የምትለው። ወንድሟ ሞቶ፣ ጨርቅ!»

«እንደዚያ ነን» አሉ እማሆይ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ዕቃው፣ ግድግዳው ላይ የተደገፉ ትርፍ እንጨቶች። እማሆይ ያዩበት መንገድ የሚገርም ነው፤ ቁስል ሲያጥቡ እንደሚያደርጉት ከዳር ወደ መሐል ሄዱ። መጀመሪያ በሩን፤ አልተሰበረም። ከዚያ ወለሉን፤ አንድ ትልቅ ጥቁር የደም እድፍ፣ ሌላ የተረበሸ ነገር የለም። ከዚያ ግድግዳውን፤ ከእንጨቶቹ አንዱ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፣ እንጨቱ ሹሙ ቤት ነው። በመጨረሻ ወደ ዕቃው ዞሩ። ጨርቁ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፣ ድሩም ላይ ደም ተረጭቶ ደርቋል።

ይህን እያዩ ሳለ ቀኝ እጃቸው ከልብሳቸው ወጥቶ ወደ ድሩ ሄደ። ሊቋጥር ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው እዚያ ላይ ወድቆ የተበጠሰ ክር ሳይኖር አይቀርም፤ እጃቸው ያን ያውቃል። እጁ ድሩን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰ። የሚቋጠር አንድም ክር አልነበረም።

ለምን?

ጎንበስ አሉ። ክሮቹ አልተረፉም። ተቋጥረው ነበር። ከቀኝ ጠርዝ ጀምሮ እስከ መሐል፣ እያንዳንዱ ክር ላይ ሰናፍጭ የምታህል ቋጠሮ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ተሰልፈው።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ውብ የሚሆነው፣ ውብ ማለት ከተቻለ። ክር ሲበጠስ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ነው፤ ስለዚህ በድር ላይ ያሉ ቋጠሮዎች እንደ ኮከብ የተበተኑ ናቸው። በአንድ መስመር የተሰለፉ ከሆነ ክሮቹ አልተበጠሱም፣ በስለት ተቆርጠዋል። መሐል ላይ መቆማቸው ደግሞ የሚቆርጠው ሰው ሳይጨርስ እንዳቆመ ይናገራል። ሸማኔ ደግሞ ሊቀጥለው ያሰበውን ድር አይቆርጥም። የቆረጠው አንድ ሰው ነው፤ የቋጠረው ሌላ።

እማሆይ ቀና አሉ። ሹሙ በር ላይ አፍንጫውን እየጠረገ ወደ ግቢው ያያል። ከእሳቸው በቀር ያየ የለም። ጨርቁ ተጠቅልሎ ቢሸጥ በመልካሙ ገጽ በኩል ቋጠሮ የሚባል አይታይም። ዝም ማለት ይችላሉ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡ አንዱን መንገድ ይመርጥለት ነበር፤ እሳቸው የሚመርጥላቸው ነገር ስለሌለ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። ለምን ዝም ልበል? ለእህቴ። ለምን ልናገር? ጭቃ እያራሰች ሳህን ለምትሠራው፣ ምንም ላላደረገችው። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አቆሟቸው፤ ሁለተኛውን አልፈው መሄድ አልቻሉም።

«ና ግባ ልጄ» አሉት ሹሙን። «መቀሱ የት ነበር?»

«ቀኝ እጁ ሥር።»

«ሥር ነው ወይስ በእጁ?»

ሹሙ ጥቂት አሰበ። «ጣቱ በመቀሱ ቀለበት ውስጥ ነበር። ነጥቋት መስሎኝ ነበር።»

እማሆይ ከልብሳቸው ደረት ላይ ከማይለዩዋቸው መርፌዎች አንዷን አወጡና ደም ካለበት ቦታ አንዱን ቋጠሮ በጥንቃቄ ፈቱ። «እየው፣ ውስጡ ምን ቀለም ነው?»

«ቡናማ። ደም ነው።»

«ደሙ ከተቋጠረ በኋላ ቢረጭበት ኖሮ ላዩ ብቻ ነበር የሚቆሽሸው፣ ውስጡ ነጭ ይቀር ነበር። ደሙ ቀድሞ ነው። ወንድሜ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው እዚህ ቆሞ ይህን ሁሉ ቋጥሯል።»

ሹሙ ሌላ ቋጠሮ እንዲፈቱለት ጠየቀ። ፈቱለት። ያም ያው ነው።

«ሚስትየው ናት እንዳልል…»

«እንግዳ መቋጠር አትችልም። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ ሞክራ ሞክራ ትታዋለች። ወንድሜ ‘የአንቺ ቋጠሮ በማበጠሪያው የሚያልፈው በር ከተሠራለት ነው’ እያለ ይስቅባት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«በዚህ ቤት ይህን የሚችል ማን ማን ነው፣ እማሆይ?»

«አባቴ ያስተማሩት ሦስት ልጆች ናቸው። አንዱ ሞቷል። አንዷ ፊትህ ቆማለች።»

ሹሙ መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ሰው ልላክ?» አለ በዝግታ።

«አትላክ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዣት እመጣለሁ።»

ሚጣ ጓሮ ነበረች። ያጠበችውን ክር ገመድ ላይ አስጥታ፣ የደረቀውን እየሰበሰበች ነው።

«እትዬ! ቁልፉን ሰጠሽ?»

«አልሰጠኝም። ከፍቶልኝ ገባሁ።»

«ድሩ ረግቧል?»

«ትንሽ።»

«አላልኩም? ተወጥሮ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይረግባል አላልኩም? ያ ንፍጣም ሰው ነኝ ብሎ ቁልፍ ያንጠለጥላል። ቁጭ በይ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

እማሆይ ዝቅ ባለው ወንበር ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። ሚጣ የክሩን ጥቅል በእጆቻቸው ላይ አጠለቀችና ጫፉን ይዛ ኳስ መጠቅለል ጀመረች። ልጅ ሆነው እንዲህ ነበር የሚሠሩት፤ ታላቅ ትይዛለች፣ ታናሽ ትጠቀልላለች። ክሩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተላቀቀ ይሄዳል። እጅ እንዲህ ታስሮ ማውራት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይቻልም።

«ሚጣ።»

«ወዬ።»

«ለምን ቋጠርሽው?»

የሚጣ እጅ መጠቅለሉን አላቆመም። ጥቂት ዙር ሄደ።

«ተቆርጦ ልተወው?» አለች።

እማሆይ ክሩ እንዲላቀቅ እጃቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ክር አጥቤ ስመለስ መቀስ ይዞ ዕቃው ላይ ተደፍቷል። ‘ምን እየሆንክ ነው?’ አልኩት። ‘ሸጬዋለሁ፣ ሊነቅሉት ይመጣሉ፣ አንቺ አክስታችን ዘንድ ትሄጃለሽ’ አለኝ። ሳይዞር እኮ ነው እትዬ! እየቆረጠ ነው የሚያወራኝ። ቀጭ፣ ቀጭ። ያን ድር የፈተልኩት እኔ፣ የዘረጋሁት እኔ። ‘ተው’ አልኩት። ‘ተው’ አልኩት። ‘ጨርቅ ነው እንጂ ልጅ ነው እንዴ’ አለ። ከዚያ እንጨቱ እጄ ላይ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝም አለ። ቤቱም ዝም አለ። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። እጄ ያውቅ ነበር።» ኳሱን አዟዙራ አየችው፣ ደህና ክብ ነው። «እሱን ገፋ አድርጌ ቋጠርኩ። ስጨርስ እጄን ታጥቤ ወደ ወንዝ ተመለስኩ። የእንግዳን ጩኸት የሰማሁት እዚያ ሆኜ ነው።»

«እንግዳን ይሰቅሏታል።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ጨርቁን ልጨርስና ልናገር ብዬ ነው። ትንሽ ነው የቀረው፣ አይተሽዋል። ቁልፉን ቢሰጠኝ ጨርሼ፣ ቆርጬ አውጥቼ፣ አጥፌ ራሴ ሄጄ እነግረው ነበር።»

«ዳኛው ቀድሞሽ ቢመጣስ?»

ሚጣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አቆመች። ጥያቄው እውነትም አዲስ የሆነባት ይመስላል። «እሱን አላሰብኩትም» አለች። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም አላሰብኩም። ስበላ አይጣፍጠኝም፣ አይመረኝም። ሰው ሲያናግረኝ ከሩቅ ነው። እትዬ፣ አንቺ እንደዚህ ነው እንዴ የምትኖሪው?»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እኔ እኮ ኩራት ይመስለኝ ነበር» አለች ሚጣ፤ ከዚያ የቀረውን ክር እስኪያልቅ ጠቀለለች።

ሲያልቅ የእማሆይ እጆች ተፈቱ። ኳሱን ቅርጫት ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠች፣ ገመዱ ላይ የቀረውን ክር እንዳይበሰብስ አውርዳ አስገባች፣ የጓሮውን በር ዘጋች። ፊቷን ታጠበች። እማሆይ ቆመው ጠበቋት። ማንም ማንንም አልጎተተም፤ ገበያ እንደሚሄዱ እህትማማቾች ጎን ለጎን መንገድ ገቡ። የሚያገኛቸው ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፤ ሁለቱም «አሜን» ይላሉ።

የሹሙ ግቢ በር ላይ ሲደርሱ ሚጣ ቆመች። ፈራች ብለው እማሆይ ዞሩ። ሚጣ ግን የምታየው የእሳቸውን እጅጌ ነው። ጠርዙ ላይ አንድ ክር ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፤ ክፍሉ ውስጥ ሲጎነበሱ እንጨት ይዞት ይሆናል።

«እንደዚህ ሆነሽ ልትገቢ ነው?» አለች።

እጅጌውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች፣ ሁለቱን ጫፎች ፈልጋ አገናኘች፣ ሳታይ ቋጠረች። ትርፉን በጥርሷ በጠሰችው። እማሆይ እጃቸውን እንደሰጡ ቆሙ። ሹሙ ከውስጥ ሆኖ ያያቸው ነበር፤ እስክትጨርስ አልጠራትም።

ዳኛው በመጣ ጊዜ ቋጠሮዎቹን በመርፌ እየተፈቱለት አየ፣ ሚጣንም ሰማ። ታስቦ የተደረገ አይደለም ብሎ ከስቅላት አዳናት፤ የቀረ ዘመኗን ግን ወህኒ ቤት እንድትኖር ፈረደ። ዳኛው «የምትጠይቂው ነገር አለ?» ሲላት ሚጣ ጨርቁን ማን እንደሚጨርሰው ጠየቀች። እንግዳ በዚያው ቀን ተፈታች። ወደ አባቷ አገር ከመሄዷ በፊት ገዳሙ በር ድረስ መጥታ ያቺን የጭቃ ሳህን ለእማሆይ ሰጠቻቸው። ሳህኗ በእሳት ስላልተተኮሰች ውኃ አትይዝም፤ እማሆይ መርፌዎቻቸውን አስቀመጡባት።

እማሆይ እንባቸውን ያኔም ጠበቁ። ለወንድማቸው፣ ለሚጣ፣ ከዓመታት በፊት ለሄዱትም። አልመጣም። እንደ ልማዳቸው ይሰፋሉ፣ ያጥባሉ፣ ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ጉልበቱን የተላጠ ትንሽ ልጅ እያጠቡት ሳለ የእጅጌያቸውን ጠርዝ ይዞ ተመለከተና ልሙጡ ጨርቅ ላይ ያገኛትን ሰናፍጭ የምታህል ነገር በጣቱ ዳሰሳት።

«ይኼ ምንድን ነው እማሆይ?»

«ቋጠሮ ነው። እህቴ ናት የቋጠረችው።»

«ለምን?»

እማሆይ የቆሸሸውን ውኃ ደፉና ንጹሕ ቀዱ።

«እግርህን ዘርጋ» አሉት።